የቆሼ እናት በማን ብዕር?

ሐያሲ ልብ ወለድና ግጥም ብቻ ያንብብ ብሎ የፈረደበት ማን እንደሆነ አላውቅም። እኛ አገር ሒስ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የአንድ ደራሲ መጽሐፍ ወጥቶ፣ አንዱ አመስግኖት፣ ሌላው ነቅፎት፣ ደራሲውም በሚቀጥለው ወር ዕትም «መልስ አለኝ» ብሎ ሲነሣ ነው። ነገር ግን ስለ እኛ ከተጻፈው ውስጥ ብዙው ልብ ወለድ አይደለም። ሪፖርት ነው፤ ጥናት ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። በዚያም ውስጥ ገጸ ባሕርይ አለ፤ ተራኪ አለ፤ የተጋነነ አለ፤ የተዘለለ አለ። ይሁንና ማንም አይሔሰውም። ዛሬ እኔ ልሞክረው ነው፤ የልብ ወለድ ወዳጆች ለአንድ ወር ይታገሡኝ።

የማነሣቸው ጽሑፎች የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። ሰው በእናቱ ሆድ ሳለና በሕፃንነቱ የገጠመው ነገር ኋላ አእምሮውንና መንፈሱን እንዴት ይቀርጸዋል? ቦታውም ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ቡታጅራ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ዝቅ ወዳለው ሜዳ ሲወርዱ የማረቆዋን ቆሼን ያገኛሉ። የአዲስ አበባ ሰው ቆሼ ሲባል የቆሻሻውን ተራራ ያስባል። እኔ የምለው በርበሬው ሲሰጣ ሜዳው ቀይ የሚሆንባትን፣ መርካቶ ውስጥ «የማረቆ ነው» ከተባለ ዋጋው ከፍ የሚልበት ያ በርበሬ የሚነሣባትን ቆሼን ነው።

የመጀመሪያው ብዕር የባልና የሚስት ነው። ዊልያም ሻክ ጥቁር አሜሪካዊ የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ምሁር ነበሩ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ሕዝብና ስለ እንሰት ባህሉ ያሳተሙት መጽሐፍ ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል። (ሰውየው ኋላ ደግሞ በፓሪስ ስለነበሩ ጥቁር የጃዝ ሙዚቀኞች ጽፈው፣ መጽሐፉ ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሞላቸዋል። ከእንሰት ወደ ሳክስፎን የተሻገረ ብዕር ብዙ አይገኝም።) ባለቤታቸው ዶረቲ ሻክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 «ኢትኖሎጂ» በተባለው መጽሔት ላይ በጉራጌ ዘንድ የልጅ አመጋገብ ከስብዕና ዕድገት ጋር ያለውን ግንኙነት የሚመለከት አጭር ጽሑፍ አወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ባልየው ረሃብን፣ ጭንቀትንና የመንፈስ ሥርዓትን አያይዘው ሌላ ጽሑፍ አስከተሉ። ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ሲነበቡ አንድ ድርሰት ናቸው።

ዶረቲ የሚሉት ይህ ነው። ሕፃኑ ሲርበው ወዲያው አይሰጠውም። ያለቅሳል፤ ዝም ይባላል። ለረጅም ሰዓት ካለቀሰ በኋላ ይሰጠዋል፤ ሲሰጠውም ከልክ በላይ ነው። መቼ እንደሚበላ የማያውቅ ልጅ ምግብን ማመን አይችልም፤ ምግብን ያላመነ ሰውን አያምንም። እንዲህ ያደገው ሰው ለራሱ ብቻ የሚያስብ፣ ስሜቱ የራቀ፣ በሰው ላይ የሚንጠለጠል፣ ራሱን ከንቱ አድርጎ የሚቆጥር ይሆናል። ባልየው ከዚህ ላይ ተነሥተው ወደ ጎልማሳው ይሻገራሉ። በእንሰት አገር፣ በየጓሮው ጉድጓድ ቆጮ ተቀብሮ ሳለ፣ ሰው ግን ምግቡን እየቆጠበና እየደበቀ በረሃብ ስጋት ይኖራል ይላሉ። ከዚያ «አውሬ» የሚባል መንፈስ ይመጣል። የሚይዘው በአብዛኛው ዝቅ ያለውን፣ ድሃውን ወንድ ነው። ሰውየው ምግብ ይዘጋዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ነጭ ልብስ አልብሰው ጢስ በሞላበት ቤት ያስቀምጡታል፤ የተለየ ምግብ ይቀርብለታል፤ በሁለት እጁ እየዛቀ ይበላል። መንፈሱ በሰውየው አፍ «ጠገብሁ» ሲል ነገሩ ያበቃል።

እኔ ይህን ሳነብ ሁለት ስሜት ነው የተሰማኝ። የመጀመሪያው አድናቆት ነው። የባልየው የአውሬ ትረካ ጥሩ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ጢሱ ይሸታል። ከዚያም በላይ መንደሩ ምን ያህል እንደሚያውቅ ያሳያል። ድሃው ሰው ታሞ የተኛው በረሃብና በመናቅ መሆኑን ጎረቤቱ ያውቃል፤ በግልጽ «ራበህ፣ ናቅንህ» ማለት ነውር ስለሆነ መንፈሱን ተጠያቂ አድርጎ ሰውየውን በክብር ያበላዋል። ሕመምተኛው ምናምንቴነቱ ለአንድ ሌሊት ይቀርለታል። በሐኪም ቤት ቋንቋ ምን እንደሚባል እንጃ፤ እኔ ግን ከብዙ ሕክምና የሚሻል ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሁለተኛው ስሜት ቁጣ ነው። ጡት ሲዘገይበት ካለቀሰ ሕፃን ተነሥቶ የአንድን ሕዝብ ጠባይ መፍረድ ምን ዓይነት ዝላይ ነው? በመካከሉ ያለው ገደል በምን ተሞላ? ጽሑፉ የተጻፈው የፍሮይድ ትምህርት በአሜሪካ አንትሮፖሎጂ ውስጥ ሥር ሰዶ በነበረበት ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። የዚያ ዘመን ሰዎች ሕፃን እንዴት እንደሚታቀፍ፣ መቼ ጡት እንደሚጥል አይተው የሕዝብን ነፍስ ያነቡ ነበር። ቡና ስኒ እንደሚያነብ ሰው ማለት ነው። ለራሱ ብቻ የሚያስብ የተባለው ሕዝብ ግን በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ምን ሲሠራ ነበር? አዲስ አበባ ያለው ሊስትሮና ባለ ሱቅ ሳንቲም እያዋጣ በአገሩ መንገድ ያሠራ ነበር። እቁቡንና እድሩን አልጨምርም፤ አንባቢ ያውቀዋል። ዶረቲ ሻክ ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አይጠበቅባቸውም ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ ጫማቸውን የጠረገላቸው ልጅ ይነግራቸው ነበር።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። እናቲቱስ የት ናት? ሕፃኑ ሲያለቅስ እሷ ምን እየሠራች ነበር? እንሰት የሚፍቅ፣ የሚጨምቅ፣ ጉድጓድ የሚያስገባ ማን ነው? የእንሰት ሥራ ልጅ ሲያለቅስ ጣል ተደርጎ የሚሄዱበት አይደለም። እጅና እግር ሁለቱም ተይዘዋል። በዶረቲ ገጾች ላይ እናቲቱ ጡት የምትከለክል እጅ ሆና ብቻ ትታያለች፤ ድካሟ አይታይም። ስለ ልጅነትና ስለ አእምሮ የሚጻፍ ጽሑፍ ሁሉ ካልተጠነቀቀ መጨረሻው እናትን መክሰስ ነው፤ ይህንን ጽሑፍም ያ ዕጣ ገጥሞታል።

ልብ ወለድ በዚህ ረገድ የበለጠ ጨዋ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው በዛብህን ያስታውሳል። ወላጆቹ ልጃቸው እንዲያድግላቸው ብለው የተሳሉበት ልጅ ነው። እሱ ሳይጠየቅ የተገባው ያ ስለት ከእሱ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ጎልማሳ ሆኖ ሲያፈቅርም እንደ ጥላ ይከተለዋል። የሕፃንነት ነገር ሰውን እስከ መጨረሻው እንደሚይዘው ከዚህ የተሻለ ያሳየ የአማርኛ ድርሰት አላውቅም። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን «ጎጃሞች ሁሉ በልጅነታቸው ስለት ስለሚሆኑ ጠባያቸው እንዲህ ነው» አላሉም። አንድ ልጅ ነው የወሰዱት፤ ስሙን ነገሩን፤ ወላጆቹን አስተዋወቁን፤ ለምን እንደተሳሉ አሳዩን። እናትና አባቱን እያዘንን እንረዳቸዋለን እንጂ አንከስሳቸውም።

*

ቡታጅራ ላይ ሌላ ዓይነት ብዕር ተነሣ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1986 የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን አቋቋመ። ኋላ መስቃንና ማረቆ ወረዳ በተባለው አካባቢ ዐሥር ቀበሌዎች ተመረጡ፤ ዘጠኙ ገጠር፣ አንዱ የቡታጅራ ከተማ። በየቤቱ የተወለደው፣ የሞተው፣ የገባው፣ የወጣው ይመዘገብ ጀመር። በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርተው ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም በኢትዮጵያ ገጠር ስላለው የአእምሮ ጤና የዶክትሬት ጽሑፋቸውን እ.ኤ.አ. በ1997 አቀረቡ። ከዚያም እነ ፕሮፌሰር አታላይ 68,378 ሰው አጣርተው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለዓመታት ተከታተሉ። ከዐሥር ዓመት በኋላ የተገኘው ውጤት ያስደነግጣል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል የሞቱት በአማካይ ከዕድሜያቸው ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው ነው የሞቱት። ግማሽ ያህሉን የገደለውም እብደቱ ሳይሆን ሳንባ ነቀርሳን፣ ወባንና ኤች አይ ቪን የመሰለ ተላላፊ በሽታ ነው።

ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው ግን የእናቶቹና የልጆቹ ጥናት ነው። በ1997 መጨረሻና በ1998 ዓ.ም. ተመራማሪዎቹ በእነዚያ ቀበሌዎች እርግዝናቸው ወደ መጨረሻው ሦስት ወር የገባ 1,065 ሴቶችን መዘገቡ። ከሥራው መሪዎች አንዷ እንግሊዛዊቷ የአእምሮ ሐኪም ሻርሎት ሃንለን ናቸው፤ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም፣ ዶክተር ግርማይ መድህንና ሌሎችም አሉበት። ሴቶቹን ከመውለዳቸው በፊት ጠየቋቸው፤ ከወለዱ በኋላ በሁለተኛው ወር ጠየቋቸው፤ ልጁ ዓመት ሲሞላው፣ ከዚያም ትምህርት ቤት ሲገባ ተከታተሉት። እናቷ የተጨነቀች ልጅ ክብደቷ ያንሳል ወይ? ትታመማለች ወይ? ከእኩዮቿ ትዘገያለች ወይ? ከትምህርት ቤት ትቀራለች ወይ? ጥያቄው የዶረቲ ሻክ ጥያቄ ነው። አጻጻፉ ግን ፍጹም ሌላ ነው።

እዚህ ላይ የሒስ ሰው ቀልቡን የሚስበው መጠይቁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ ሃያ ጥያቄ ያለው፣ መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ የሆነ መጠይቅ ነው። ራስሽን ያምሻል ወይ? የምግብ ፍላጎትሽ ቀንሷል ወይ? እንቅልፍ ይነሣሻል ወይ? በቀላሉ ትደነግጫለሽ ወይ? ከወትሮው ይበልጥ ታለቅሻለሽ ወይ? ውሳኔ መስጠት ይቸግርሻል ወይ? እንዲህ እያለ፣ ሕይወትሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ? እስከሚለው ይደርሳል። በዚያ ጥናት ስድስትና ከዚያ በላይ «አዎ» ያለች ሴት የጭንቀቷ ምልክት ከፍተኛ ነው ተብላ ተመዘገበች።

ቆሼ ሄጄ ሳለሁ ከእነዚህ ጥያቄዎች ጥቂቶቹን በራሴ አማርኛ አቃንቼ ለአንዲት በርበሬ ነጋዴ አነበብኩላቸው። ስድስት ወልደው አራት ያሳደጉ ባልቴት ናቸው፤ ቤታቸው ሊቢዶ፣ ገበያቸው አማርኛ ነው። መጠይቁ ለእርጉዝ ሴት መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን የቆዩትን ነገር ሁሉ አስታውሰው መለሱልኝ።

«እማማ፣ ራስዎን አዘውትሮ ያምዎታል?»

«በገበያ ቀን ነው ወይስ በሌላ ቀን?»

«ከወትሮው ይበልጥ ያለቅሳሉ?»

«ከድሮዬ ነው ወይስ ጎረቤቴ ከምታለቅሰው?»

«ውሳኔ መስጠት ይቸግርዎታል?»

«ልጄ፣ ውሳኔ መቼ ተሰጠኝና!»

ይህ የመጨረሻው መልስ በ«አዎ» ነው የሚመዘገበው ወይስ በ«አይ»? ሴትየዋ ውሳኔ አልቸገራቸውም፤ ውሳኔ አልደረሰባቸውም። የባል፣ የአማት፣ የአባት ነበር። መጠይቁ አንዲት ሴት የመወሰን ሥልጣን አላት ብሎ ከጀመረ፣ ሥልጣን የሌላትን ሴት መልስ የሚያኖርበት ሣጥን የለውም ማለት ነው። በዘጠነኛው ወሯ ያለች ሴት «ትደክሚያለሽ ወይ?» ስትባልም ነገሩ ያው ነው። እርግዝናው ነው የደከመው ወይስ ነፍሷ? ነፍሷ ነው ብንል እንኳ እንሰቱንና ውኃውን ማን ቀነሰላት?

ይህን ስል ተመራማሪዎቹ ነገሩን አልተረዱትም ለማለት አይደለም። እንዲያውም ከሁሉ ያስደሰተኝ ጽሑፋቸው መጠይቁን የሞከሩበት ነው። ሁለት መሣሪያ ነበራቸው። አንዱ ይህ የሃያው ጥያቄ ሲሆን፣ ሌላው በስኮትላንድ ለአራሶች የተዘጋጀውና በብዙ አገር የተመሰገነው የኤዲንብራ መጠይቅ ነው። የኤዲንብራው «አዎ» ወይም «አይ» አይልም፤ ስሜትን በደረጃ ከፍሎ «እንደ ድሮው»፣ «ትንሽ ቀንሷል»፣ «በጣም ቀንሷል» እያለ ያስመርጣል። ቡታጅራ ገጠር ላይ ይህ መጠይቅ ወደቀ፤ የሃያው ጥያቄ ተሻለ። ኋላ አዲስ አበባ ላይ በአራሶች ሲሞከር ግን የኤዲንብራው በጥሩ ሁኔታ ሠራ። በ130 ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ በአንድ ቋንቋ፣ አንድ መጠይቅ ሕይወት አግኝቶ ሕይወት አጣ። ትርጉም ከቃል ወደ ቃል የሚሄድ የሚመስለው የትርጉም ሠራተኛ ሁሉ ይህን ጽሑፍ ቢያነብ ምን ነበረበት? ስሜትን እንደ ቴርሞሜትር በደረጃ መክፈል ራሱ የከተማና የትምህርት ቤት ልማድ መሆኑን የሥነ ጽሑፍ መምህራኖቻችን አልነገሩንም፤ የነገሩን የአእምሮ ሐኪሞች ናቸው።

ውጤቱስ? ከእርጉዞቹ ውስጥ ከመቶ 12 ገደማ የሚሆኑት ከፍተኛ ጭንቀት ነበረባቸው። ከወለዱ ሁለት ወር በኋላ ግን ቁጥሩ ወደ 5 ገደማ ወረደ። እኛ ከውጭ አገር መጽሔቶች የለመድነው ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ ድብርት ነው። ቡታጅራ ላይ ከባዱ ጊዜ ከወሊድ በፊት ያለው ሆኖ ተገኘ። እርጉዟ ትሠራለች፤ ሞት ፊቷ ቆሟል፤ ሐኪም ቤት ሩቅ ነው። ከወለደች በኋላ ግን አራስ ናት። ትተኛለች፣ ገንፎ ይገነፋላታል፣ ትጎበኛለች። አራስነት ለገጠር ሴት በሕይወቷ «አትነሺ» የምትባልበት ብቸኛው ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ይህ አገናኝ የኔ ግምት ነው፤ ቁጥሩ ግን የእነሱ ነው።

በእርግዝናዋ የተጨነቀችው ሴት ምጧ ከአንድ ቀን በላይ የመቆየት ዕድሉ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ልጇን ጡት የምታስይዘውም ዘግይታ ነው። ጭንቀቱ ከወሊድም በኋላ ያልለቀቃት እናት ልጅ በሁለት ወሩ ተቅማጥ የሚይዘው ከሌላው በእጥፍ ያህል ነው። ይሁንና የሕፃኑ ክብደት ሲወለድ አላነሰም። ኋላም የእናት ጭንቀት ልጅን ያቀጭጫል የሚለው ነገር ግልጽ ማስረጃ አልተገኘለትም። በፓኪስታን ራዋልፒንዲ አጠገብ የተደረገ ጥናት ግን ልጁ እንደሚቀጭጭ አሳይቶ ነበር። ቡታጅራዎቹ ይህንን ፈልገው ሄደው፣ ሳያገኙ ሲቀሩ፣ «አላገኘንም» ብለው አሳተሙ።

ለዚህ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ዶረቲ ሻክ ያላደረጉት ይህን ነው። ዶረቲ ከአንድ ልማድ ተነሥተው ወደ ሕዝብ ነፍስ ሲዘሉ መውደቅ የሚባል ነገር አልነበረባቸውም፤ ምክንያቱም የሚወድቁበት መሬት አላዘጋጁም። ቡታጅራዎቹ ግን መጀመሪያ «ይህ ካልሆነ ተሳስተናል» የሚል መሬት አሰናድተው ነው የተነሡት። ከዚህም ሌላ እናቲቱ ክስ አልቀረበባትም። ስለ ጭንቀቷ ሲጽፉ ድህነቱን፣ የደረሰባትን አደጋ፣ ያሳለፈችውን መከራ አብረው ይቆጥራሉ። እንሰት ስትፍቅ የነበረችው ሴት በአንትሮፖሎጂው ጽሑፍ ያልገባችበትን ገጽ በሠንጠረዥ ውስጥ አገኘችው። ሠንጠረዥ ቀዝቃዛ ነው ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ከትረካው ይልቅ ርኅሩኅ ሆኗል።

*

ቅሬታዬን ደግሞ ልናገር።

የመጀመሪያው ስለ ዘመን ነው። በዚህ መስክ ዝነኛው ምሳሌ የኔዘርላንድ የረሃብ ክረምት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1944 መጨረሻ እስከ 1945 ጸደይ ድረስ ጀርመኖች ምግብ ዘግተውባቸው፣ ከተሞቹ በረሃብ ተመቱ። ከብዙ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች መዝገብ ሲያገላብጡ፣ ረሃቡ በበረታበት ጊዜ የተጸነሱት ሰዎች ስኪዞፍሬንያ የሚይዛቸው በእጥፍ ያህል መሆኑን አገኙ። ይህንን ማግኘት የተቻለው የዚያ ረሃብ መጀመሪያና መጨረሻ በቀን ስለሚታወቅ ነው። የእኛስ? የ1977ቱን ረሃብ የሚመለከት አንድ ጥናት አለ፤ በአውሮፓ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የተሠራ ነው። ያኔ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜ ላይ የነበሩት ልጆች ጎልማሳ ሲሆኑ ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር አጥረው ተገኙ፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የመጨረስ ዕድላቸውም አነሰ። ያ ረሃብ ቀን ነበረው፤ ዓለምም ዘፍኖለታል። አዝመራ ከመድረሱ በፊት በየዓመቱ ክረምት ላይ የሚመጣው ረሃብ ግን ቀን የለውም፤ ማንም አይዘፍንለትም። የቡታጅራን ጥናት ሳነብ ይህ ቀን የሌለው ረሃብ በገጾቹ መካከል ሲያልፍ ይሰማኛል፤ ስሙ ግን «ዝቅተኛ የኑሮ ደረጃ» ሆኖ ተጽፏል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመስቃንና በማረቆ መካከል የተነሣው ግጭትስ? በጥናቱ የተመዘገቡት ልጆች ያኔ ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማቸው ነበር። ሰው ሞቷል፤ ቤት ተቃጥሏል፤ ሕዝብ ተፈናቅሏል። ተመራማሪ በእርጋታ የሚከታተለው ልጅነት በአንድ ሌሊት ሌላ ልጅነት ይሆናል።

ሁለተኛው ቅሬታ የቋንቋ ነው፤ ለእኔም ዋናው ይኸው ነው። በጥናቱ ለመመዝገብ አማርኛ መናገር ከመስፈርቶቹ አንዱ ነበር። በቀበሌዎቹ አብዛኛው ሰው አማርኛ ስለሚችል ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን ገበያ የሚወጣበት ቋንቋና የሚለቀስበት ቋንቋ አንድ ላይሆን ይችላል። ማረቆው በሊቢዶ፣ መስቃኑ በመስቃንኛ፣ ስልጤው በስልጥኛ ነው የሚቆዝመው። ከሁሉ ዝምተኛዋ፣ ገበያ የማትወጣው፣ አማርኛ ያልደረሳት ሴት ናት፤ ከመዝገቡ የቀረችውም እሷ ናት። ሻኮች ደግሞ ተቃራኒውን ስሕተት ሠርተዋል፤ የምዕራቡን ቸሃ አይተው «ጉራጌ» ሲሉ ሁሉን ጠቅልለው ነው። አንዱ በሰፊ ቃል ያጠምዳል፤ ሌላው በጠባብ በር ያስገባል። የጉራጌ ልጅነት በራሱ ቋንቋ ሲጻፍ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምን ይፈልግ። ስለ አንድ የቸሃ መንደር ልጅ በቸሃኛ የጻፉት ድርሰት በቮልፍ ሌስላው ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ ታትሟል። ከዶረቲ ሻክ ጽሑፍ አምስት ዓመት ይቀድማል።

አማርኛውም ቢሆን ችግር አለው። አማርኛ ምጥንና የመንፈስ መታወክን የሚጠራው በአንድ ሥር ነው። ምጥ የያዛት ሴት ጭንቅ ላይ ናት ይባላል፤ የታወከውም ሰው ተጨንቋል ይባላል። ልትወልድ አንድ ወር የቀራትን ሴት «ትጨነቂያለሽ ወይ?» ብሎ ለሚጠይቃት ሰው መልሷ የትኛውን ጭንቅ እንደሚናገር በምን ይታወቃል? የተጨነቀችዋ ሴት ምጧ ይረዝማል የሚለውን ውጤት አማርኛ ከመቶ ዓመታት በፊት በአንድ ቃል ውስጥ አስቀምጦት ነበር ብል እንደ ቅኔ እንጂ እንደ ሳይንስ አይቆጠርልኝ። ቢሆንም መጠይቁን ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው እዚህ ቃል ላይ ሲደርስ ብዕሩን አቁሞ ያሰበ ይመስለኛል፤ ያሰበውን ማንበብ በወደድሁ።

ሦስተኛው ቅሬታ ከዚህ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2009 እነ ሻርሎት ሃንለን ያሳተሙት አንድ ጽሑፍ አለ። ቁጥር የለበትም፤ ሴቶቹ ስለ እርግዝና የተናገሩት ነው። እርግዝና በሞትና በሕይወት መካከል መሆኑን ሴቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ የጽሑፉም ርእስ ከዚያ የተወሰደ ነው። ከዚህ ሁሉ የጥናት ክምር ውስጥ ሁለት ጊዜ ያነበብኩት እሱን ነው። ግን ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ነው። አንዲት የመስቃን ሴት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ በአማርኛ የተናገረችው ለእኔ፣ ለአማርኛ አንባቢ፣ በሎንዶን እንግሊዝኛ ተሽሞንሙኖ ደረሰኝ፤ እኔ ደግሞ በልቤ ወደ አማርኛ መለስኩት። ሁለት ጊዜ ተተርጉሞ ወደ ቤቱ የገባ ንግግር የራሱ ድምፅ አይቀርለትም። «ወይኔ» ነው ያለችው ወይስ «አቤት»? «እግዜር ይወቀው» ነው ወይስ «አላህ ይወቀው»? እንግሊዝኛው አይነግረኝም። ከእነዚህ ጥናቶች ብዙዎቹ ለሁሉም ክፍት በሆኑ መጽሔቶች ላይ የታተሙ ናቸው። በሩ ክፍት ነው፤ እውነት ነው፤ ደረጃው ግን ለቆሼ ሰው ከፍ ብሏል።

አንድ ሐያሲ ሊጠይቀው የሚችለው ነገር ትንሽ ነው፤ እኔም ትንሹን እጠይቃለሁ። ሴቶቹ ከተስማሙ፣ ስም ተሰርዞ፣ ቀበሌ ተሰርዞ፣ ማንነትን የሚያሳውቀው ሁሉ ወጥቶ፣ የእነዚያ ቃለ መጠይቆች አማርኛ እንዳለ በመጽሐፍ ይታተም። ሠንጠረዥ አይግባበት፤ መግቢያ እንኳ አጭር ይሁን። በዚህ ሃያ ዓመት ከታተሙት የአጭር ልብ ወለድ መድበሎች ከብዙዎቹ ቀድሜ የምገዛው እሱን ነው። በ1998 ዓ.ም. የተወለዱት የጥናቱ ልጆች ዛሬ ሃያ ዓመት ገደማቸው ነው፤ አንዳንዶቹም ወላጆች መሆን ጀምረው ይሆናል። እናቶቻቸው እነሱን በሆዳቸው ይዘው ምን ብለው እንደተናገሩ ማንበብ የሚፈልጉ አይጠፉም።